ሾኔ የማትደርሰው ጋሪ

ሆሳዕና፣ ጥር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ እልፍነሽ፣

እንደምን ከረምሽ? ደረትሽስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ውቢትም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ በመጣሽ ቁጥር የሚናከስሽ የጎረቤታችን የትርፊት ውሻ ሳይቀር ደህና ነው።

ማን ጻፈው ብለሽ ፖስታውን እንዳታገላብጪ። የጻፍኩት እኔው ወንድምሽ ሽብሩ ነኝ። እስከ ዛሬ ፖስታ ቤት በር ላይ ለሚቀመጠው ጸሐፊ እየነገርኩ ነበር የማስጽፈው። ያ ሰውዬ ለእህት የማይጻፍ ፍቅር ሲጽፍብኝ መኖሩን ያወቅኩት ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ነው። ያለፈውን ይቅር በዪኝ። የማታ መሠረተ ትምህርቱን ጨርሼ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። አንደኛ ነው የወጣሁት። በርግጥ ወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ይላል፤ አንደኛዋ ትርፊት ናት። እሷ ግን ጎረቤቴ ስለሆነች አንደኝነቱ ከግቢያችን አልወጣም።

"ፋብሪካችን የሚጥላትን፣ በባትሪ የምትነዳውን የዕቃ ጋሪ ብትወስዱ ማን ይይዛታል?" ላልሽው፣ አሥራ አንዳችንም እንይዛታለን። የመናኸሪያ ወዛደሮች ማኅበር ተብለን ከተመዘገብን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ያለን የጋራ ንብረት ግን አንድ ማኅተምና አንድ ወንበር ብቻ ነው። ማኅተሙን ማመልከቻው ላይ አድርገንልሻል። ወንበሩን ካስፈለገ እንልካለን።

አንድ ነገር ልንገርሽና ቀልዱን ልተው። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ በዚህ ከተማ የምትንቀሳቀስ መኪና በጣት ትቆጠራለች። የታወቁት ሁለት ፒክአፖች ጎማቸው ሥር ሣር በቅሏል፤ ዶሮ ትጭርበታለች። አውቶቡስ መጥቶ መናኸሪያ ያራግፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቆጮውም ቆርቆሮውም በሽተኛውም በእኛ ጀርባ ነው። በገና ሰሞን ከሙዱላ ምጥ የያዛት ሴት መጣች። ለአራት በቃሬዛ አንስተን እስከ ሆስፒታል ሮጥን። ደረስን፤ ግን ዘግይተን ደረስን። ባልየው "እናንተ የምትችሉትን አድርጋችኋል" ብሎ እጃችንን ጨበጠን። ያቺን ጋሪ የምፈልጋት ለዚህ ነው።

ወንድምሽ ሽብሩ፣ በገዛ እጁ


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ፊደሉን ለመለየት፣ አንዴ ለደስታ። ደስ ብሎኛል ብዬ ግን አላሞግስህም፤ ሳትሞገስም ትበቃለህ።

ጋሪዋ ተፈቅዳላችኋለች፤ ጥጥ የምታደርስ የጭነት መኪና ስትመለስ ታመጣላችኋለች። የምትሰጣችሁ እስከ ግንቦት መጨረሻ ለሙከራ ነው። በየወሩ ምን እንደጫነችና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ከሠራች ለዘለቄታው የእናንተ ትሆናለች፤ ካልሠራች ለብረት ቀላጭ ትሰጣለች። ዋስ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ስለ ደረቴ ጠይቀሃል። ከጥጥ ክፍል ወጥቼ ባትሪ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ሳሉ ትቶኛል። ሐኪሙ "አቧራው ውስጥ ከተመለስሽ እኔ ጋ አትምጪ፤ የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም" ብሎኛል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ባትሪ ክፍሉን የሚመኙ ብዙ ናቸው፤ ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ከተበላሸ ቦታዬ እንደሚሄድ አንተም እወቀው ብዬ ነው።

ስለዚህ ስማኝ። ባትሪዋ የሚጨመርላት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የወንዝም የዝናብም አይሆንም። የባትሪውን ሣጥን ክዳን ያለ ምክንያት አትክፈቱ። ጭራሽ እስክትደክም አትንዷት፤ ማታ ማታ ከመብራት ጋር አገናኟት። ሦስት ሰዓት ከተሞላች ግማሽ ቀን ትሠራለች። መሙያ ሣጥኑ አብሯት ይመጣል። ተራችሁን እንዴት እንደምታደርጉ ጻፍልኝ።

እህትህ እልፍነሽ


ሆሳዕና፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ እልፍነሽ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ፋብሪካሽ በር ድረስ ይድረስሽ። ጋሪዋ በደህና ገብታለች። መቼም እናንተ ፋብሪካ ውስጥ አስራችሁ አቆይታችኋት እንጂ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነች አታውቁም ነበር። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፤ ዝም ብላ ትመጣና አጠገብሽ ትቆማለች። የአውቶቡስ ቲኬት የሚሻሙት ደላላዎች እንኳ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ አፋቸው ተዘግቶ ስለማያውቅ ብዙ ሰው ልዩነቱን አላየም እንጂ።

ስንት ሄደች ላልሽው፣ ስድስት ኩንታል ጭና ሾኔ ደርሳ በዚያው ቀን ተመልሳለች። የሾኔ ገበያተኛ ተከትሎ እየሮጠ ሸኛት። ለሪፖርቱ ይህንኑ ጻፊው። መሪዋን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ የግድ ይግባ አልልም፣ ከገባ ግን አልጠላም።

ተራውን በተመለከተ አሥራ አንዳችንም እንደ ወንድማማች ተስማምተናል፤ አሳብ አይግባሽ።

ሌላው ነገር እኔን የማይመለከት ነው፤ ለዕውቀት ያህል ነው የምጠይቅሽ። ቅቤ ባትሪ ይጎዳል እንዴ? አንድ ሰው ጠይቆኝ ነው። ሰውዬውን አታውቂውም።

ወንድምሽ ሽብሩ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሽብሩ፣

የማላውቀው ያ ሰው ደህና ነው? ባለ ትልቅ አፍ፣ አጭር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥፋት ሲያጠፋ "አንድ ሰው" የሚል ከሆነ ግን አውቀዋለሁ፤ አዝዬ አሳድጌዋለሁ።

ስንት ቅቤ ነው? የት የት ገባ? ከላይ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያ ከባትሪ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለቱን ወፍራም ገመዶች ፍቱ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ በብረት እንዳትነኩ። ከዚያ የአሥራ ሁለቱን የባትሪ ቤቶች ቡሽ አጥብቃችሁ ዝጉና ላዩን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ጠብታ ውስጥ አይግባ። በጨርቅ አድርቁ። ገመዱ የሚታሰርበትን የእርሳስ ብረት እስኪያበራ ፈግፍጉ። ወደ ውስጥ የገባበት ቤት ካለ ግን አይድንም፤ እሱን ዘለው ቀሪዎቹን በገመድ ያገናኟቸዋል። አገናኘቱን ከወረቀቱ ጀርባ ስዬልሃለሁ። የመናኸሪያውን ኤሌትሪክ ሠራተኛ አስይዝ እንጂ አንተ አትጀግን። ውስጡ ያለው ውሃ ሥጋ ይበላል።

ሪፖርቱን ያስገባሁት ደብዳቤህን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሆኖብኝ። የሾኔውን መንገድ ከነስድስት ኩንታሉ በራሴ እጅ ገልብጬዋለሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ሽብሩ፣ እውነት ሾኔ ደርሳለች? በቶሎ መልስልኝ። ሳታሳምር መልስልኝ።

እልፍነሽ


ሆሳዕና፣ መጋቢት 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ፣

አልደረሰችም። ከመናኸሪያው በር አርባ እርምጃ ሄዳ ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመች።

እንዲህ ነው የሆነው። ጋሪዋ ከጭነት መኪናው ስትወርድ የትርፊት የወተት ተራ ሴቶች መጡ። ታውቂያቸዋለሽ፤ ሰባት ሆነው ወተታቸውን በየተራ ላንዷ እየሰጡ ቅቤ የሚያወጡት። የሳምንቱን ቅቤ ይዘው መጡ። አዲስ ሙሽራ ቤት ስትገባ አናቷ ላይ ቅቤ እንደሚደረግላት፣ ለዚህችም ሳይደረግላት አትገባም አሉ። ትርፊት ዞራ ዞራ አየቻትና "ሽብሩ፣ አናቷ የት ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" ብል ምን ነበረበት? ሕዝቡ ግን እያየኝ ነው። አንቺ አትክፈቱ ያልሽውን ክዳን ከፈትኩ። እንዳላዋቂ እንዳልቆጠር አሥራ ሁለቱንም ቡሽ አንድ በአንድ ነቀልኩና "ይኸውልሽ፣ አናቷ ይሄ ነው" አልኳት። ሴቶቹ ጥፋት የለባቸውም፤ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ ነው የቀቡት፤ ያውም አብዝተው።

ከቆመች በኋላ ደላላዎቹ የሚሉትን አልነግርሽም። እሺ፣ አንዱን ልንገርሽ። "ሽብሩ፣ ሙሽራዋ አኩርፋለች፤ ሽማግሌ ላክባት" አሉኝ። አሥራ አንዳችን ገፍተን ወደ ጥላው መለስናት። እስከዛሬ ከተሸከምኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ በጀርባዬ ሳይሆን በፊቴ ነው የከበደኝ። እቤት ገብቼ ብዕር ሳነሳ ታዲያ ሾኔን ጻፍኩ። በአፍ ሲወራ ነገ ይረሳል፤ አንቺ ጋ የሚሄደውም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። የተጻፈ ነገር ሄዶ ሌላ ወረቀት ላይ እንደሚገለበጥ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይቅር በዪኝ።

አሁን የሠራነውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ጋሪዋ ላይ ዘርግቼ በአራት ጠጠር አስያዝኩት፤ በጣቴ እየተከተልኩ አንዷን መስመር አነባለሁ፣ ኤሌትሪክ ሠራተኛው እሷኑ ይሠራል። "ጠብታ ውስጥ አይግባ" የምትለዋን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ሁለቱ ቤቶች ሞተዋል፤ በሳልሽው መሠረት ዘለልናቸው። ሱሪዬ ላይ ሁለት ቀዳዳ ወጥቷል፤ ቆዳዬ ደህና ነው። እና ሄደች። ከሰው እርምጃ ጥቂት ፈጠን ትላለች። አትሮጥም። ትሄዳለች።

ስለ ተራውም ዋሽቼሻለሁ፤ ያኔ ገና አልተነጋገርንበትም ነበር። በሄደች በሁለተኛው ቀን ልንደባደብ ነበር። ሽማግሌው ጓዳችን ገብረወልድ "ሠላሳ ዓመት ተሸክሜያለሁ፣ መጀመሪያ የእኔ ናት" ብሎ ወሰዳት፤ ጭራሽ እስክትደክም ነዳትና ቁልቁለቱ ሥር ትቷት መጣ። በማግሥቱ ተረኛው ደግሞ ሳትሞላ ተሰጠችኝ ብሎ አንገቱን ያዘው። ትርፊት አጥር ላይ ቆማ ታያለች። "እናንተ ወንዶች አልባችሁ ስለማታውቁ ነው" አለች። "የጥጃዋን ድርሻ ጨምሮ ያለበ ሰው ነገ ምን ሊያልብ ነው? እኛ ሰባት ሆነን ስንኖር ማን ማንን አንቆ ያውቃል? ዕቃውን የምትወስድ አጥባና አጥና ትመልሳለች። አለቀ።"

አለቀ ስትል አለቀ። ሕጉ የወጣው እዚያው ነው። የቀኑ ተረኛ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ጉልበቷን ሳይጨርስባት፣ አጥቦ ያስረክባል። የከተማው መብራት የሚመጣው ማታ ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ የምትሞላው የማታው ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው፤ መምህር አክሊሉ ፈቅደዋል። ክፍሉ ደግሞ ተማሪ ከሌለ አይከፈትም። ስለዚህ የነገ ተረኛ የሆነ ዛሬ ክፍል ገብቶ ይማራል። ያልተማረ ተራው ያልፈዋል። ከሦስት ዙር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያመለጠው ገብረወልድ ትናንት አንደኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ "ሀ" ይል ነበር፤ ዓይኑ ግን ከጋሪዋ አልተነሳም።

ደረትሽ እንዴት ነው? ባለፈው ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

ሽብሩ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እውነቱን ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። የፋብሪካችን ኢንጂነር የሾኔውን ሪፖርት አንብቦ "ይቺ ባትሪ አዲስ ሳለች እንኳ ሃያ ኪሎ ሜትር አትሄድም፤ ሾኔ ከዚያ ይርቃል" አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሁን የሚፈልገው በማኅተም የተረጋገጠ እውነተኛ ሪፖርት ነው። ትንሽም ብትሆን የሆነችዋን ብቻ ላክ።

ትርፊትን ሳምልኝ። ስለ ደረቴ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እልፍነሽ

ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ጵርስቅላ ነኝ፤ አብሬያት የምኖር የሥራ ጓደኛዋ። ፖስታውን አሽጊልኝ ብላ ስትሰጠኝ አነበብኩት፤ ይቅር ትበለኝ። እልፍነሽ ከመጋቢት 20 ጀምሮ ጥጥ ክፍል ናት። ሐሰተኛ ሪፖርት አቅርባለች ተብሎ ነው የተዛወረችው። የወንድሟን ስም አላነሳችም፤ "የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አለች። ሳሉ ተመልሷል፤ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ኢንጂነሩ ጉዳዩን እስከ ግንቦት አጋማሽ ክፍት አድርጎታል። እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።


ሆሳዕና፣ ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ እልፍነሽ፣

የጵርስቅላን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ ለማንም ቀልድ አልተናገርኩም። ውቢት ታመመ ብላ ለጎረቤት ነግራለች።

ሪፖርቱን ቶሎ ያልላክሁበትን ምክንያት ልንገርሽ። በተራው ቀን የሆነውን እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይጻፍ አልኩ። ያልተማሩት ፊደሉን እስኪይዙ አንድ ወር ፈጀ። ከዚያ ማኅተሙን ራሳችን ማድረግ አይበቃም፤ የቀበሌውም ያስፈልጋል ተባለና ለሊቀመንበሩ ወሰድኩት። አነበበና ሳቀ።

"ጓድ ሽብሩ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ኪሎ ሜትር። ለከተማው ክብር አይሆንም። አንዳንድ ዜሮ ጨምርበት።"

"አልጨምርም" አልኩት።

"አንተ? አንተ ነህ አልጨምርም የምትል?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ማኅተሙም አይጨመርም" አለኝ።

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በማግሥቱም ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ተራው የገብረወልድ ነበር፤ ጋሪዋን ነድቶ መጣና እኔ አጠገብ አቆማት። ትርፊትም ስድስቱን ባልንጀሮቿን ይዛ መጥታ ጋሪዋ ላይ ተቀመጡ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሊቀመንበሩ ወጣ ሲል ትርፊት "እኛ ወተት ላይ ውሃ የጨመረችን ሴት ከተራ እናስወጣለን፤ እዚህም ሕጉ ያው መስሎን ነው" አለችው። እኩለ ቀን ሳይሆን መታልኝ።

ሙሉው ደብተር ለብቻው ይመጣል። ለአንቺ ጥቂቱን እዚህ ልገልብጥልሽ፤

"ከመናኸሪያ እስከ ገበያ፣ ሁለት ጊዜ። አራት ኩንታል በቆሎ። ጭቃ ያዛት፣ ገፋናት።"

"ዛሬ አልሠራችም። ትናንት የትምህርት ክፍሉ አልተከፈተም ነበር።"

"ከመናኸሪያ ሆስፒታል። ከሙዱላ የመጣች ምጥ የያዛት ሴት ከነእናቷ። ባንዴ ደረስን። ወንድ ልጅ።"

"እኔ ገብረወልድ ነኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሪዋ ዛሬ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄደች። እኔ ባዶ ጀርባዬን ሄድኩ።"

የመጨረሻው ገጽ የእኔ ነው፤ ለኢንጂነሩ የተጻፈ። እንዲህ ይላል። "ጌታዬ፣ ሾኔ የምትለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ክዳኑንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። እህቴ ያጠፋችው እኔን ማመኗ ብቻ ነው። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን። የባትሪ ጋሪዋን የሚያይ ሰው ልከው በአንዱ ቀን ቢያዩልን፣ ከዚህ ከተጻፈው አንዲት እርምጃ ቢጎድል ለብረት ቀላጭ አስረክባታለሁ።"

ደብተሩን ለፖስታ አላመንኩትም። ገብረወልድ ነገ በአውቶቡስ ይዞት ይመጣል። ከእጁ ካልወሰድሽለት አይለቅልሽም።

ሽብሩ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽብሩ፣

ገብረወልድ ደብተሩን በኩታው ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አስሮ መጣ። ለእኔም አልሰጠኝም፤ "ለኢንጂነሩ ተብሏል" ብሎ በር ላይ ቆመ። አስገቡት። ኢንጂነሩ ሲያነብ እኔን አስጠርቶ አስቆመኝ። ያልሠራችበት ቀን ላይ ሲደርስ አቆመና "ይሄን ለምን ጻፉት? ዝም ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር" አለ። ገብረወልድ "ቀኑ አለ አይደል? ቀን ይታለፋል እንዴ?" አለው።

ኢንጂነሩ ያልሠራችበትን ቀን በቀይ እርሳስ አሰመረበትና "ይሄኛው ነው ሌላውን ያሳመነኝ" አለ። የጥጥ ክፍሉን ካፖርት ትናንት መልሻለሁ። ይህን የምጽፍልህ ባትሪ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ሳሉ ገና ነው፤ እየቀለለ ግን ነው። ስለ ደረቴ እውነቱን ልነግርህ ፈርቼ ነበር፤ ባለመንገሬ ብትቀየመኝ አልፈርድብህም።

የጋሪዋ ርክክብ ወረቀት ከዚህ ጋር ተልኳል። የእናንተ ናት። ሁለት የሚሠሩ የባትሪ ቤቶች በሚቀጥለው የጥጥ መኪና ይመጣሉ፤ ከተጣሉት መርጬላችኋለሁ። ሲተከሉ ክዳኑን ማን እንደሚከፍት አስቀድማችሁ ተማከሩ።

ለማስተላለፊያው ቅጽ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ የመጨረሻ መድረሻዋ የት ነው ይላል። አንተው ሙላው።

እህትህ እልፍነሽ


ሆሳዕና፣ ግንቦት 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ፣

ወረቀቱ ደርሶናል። ትርፊት ቅቤ ይዛ መጥታ ነበር፤ አናቷ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መሪው ላይ ነው አልኳት። ትንሽ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ቀባችው። እንዳታበዛ ገብረወልድ ቆሞ ጠበቃት።

ለቅጹ የጻፍኩትን ካነበብኩላቸው በኋላ አሥራ አንዳችንም ፈርመንበታል፤ በአውራ ጣት የፈረመ የለም። መልሱ ይኸውልሽ።

ሾኔ አትደርስም። ሆስፒታል ትደርሳለች።

ወንድምሽ ሽብሩ